ሳይጠራ የመጣ ደቦ

ፈንታነሽን አንድ ቦታ ተረጋግታ ተቀምጣ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ውዴ፣ አጥር ለአጥር የምኖር ጎረቤቷ፣ አላየሁም። ምሳ ቀርቧል ብዬ ብጠራት ቆማ ትጎርሳለች። ቅዳሴ ላይ እንኳ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስትዛወር የሰውን ጸሎት ትበትናለች። «ኧረ ተይ ልጄ፣ እግር እኮ ለማረፍም ጭምር ነው የተሰጠን» እላታለሁ። «እሺ እትዬ ውዴ፣ አንቱ ይረፉልኝ» ትለኛለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ በሩን ወጥታለች።

በፊት እንዲህ አልነበረችም። ልጅ ሳለች ከእናቷ ከካሰች ቀሚስ የማትለይ ዝምተኛ ነበረች። ካሰች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጎታ ሠሪ ነበረች። በደብረ ታቦር የሷን ያህል ጎታ የሚያቆም እጅ አልነበረም ብል ሐሰት የለበትም። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስረግጣ፣ አስቦክታ፣ እየደራረበች ከሰው ቁመት በላይ ታወጣዋለች። ሊደርቅ ሲል ደግሞ ሆዱ ላይ በአውራ ጣቷ ሐረግ ትስልበታለች። «እህል እኮ ነው የሚገባበት፤ ሐረጉ ለማን ነው?» ስላት፣ «ለእህሉ» ትለኝ ነበር። ክረምት ሲወጣ ግቢዋ በሴት ይሞላል። ጭቃ የምትረግጠው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ወሬ ብቻ ልታወራ የመጣችውም ሁሉ እዚያ ነች። የኔ አጥር የዘመመው ያን ጊዜ ነው፤ ሰው እየተደገፈው ያወራ ነበራ!

ኋላ በርሜል መጣ፣ የማዳበሪያ ከረጢት መጣ፣ ጎታ የሚፈልግ ሰው ጠፋ። ግቢውም ጭር አለ፣ ልጆቹም ተበተኑ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ወንዱ ደሳለው አንበሳሜ ገብቶ እህል ነጋዴ ሆነ፤ ሰውነቱም ንግግሩም ከባድ፣ ከተቀመጠበት በመከራ የሚነሳ ሰው ነው። ሴቲቱ ፈንታነሽ ደግሞ ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ ሄደች። ስትሄድ ካሰች በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻት። መኪናው ከዞረ በኋላ ገብታ፣ ማንም ጎታ ሳያዛት፣ ጭቃ ማቡካት ጀመረች።

ካሰች የታመመችው ልጅቷ ከሄደች ከዓመታት በኋላ ነው። ብዙ አልቆየችም። ቀበርናት፣ አለቀስን፣ ተዝካሯም ወጣ። ለፈንታነሽ ግን አልተነገራትም። መቼም ወጉ ይታወቃል፤ በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ሆና ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ማን ውኃ ይረጭባታል? ደሳለው «ስትመጣ በወጉ እንነግራታለን» አለ። አገሩም «ደግ ብለሃል» አለው። እኔም ብያለሁ።

በደወለች ቁጥር «ጠበል ሄዳለች» ይላታል። ሌላ ቀን «ተኝታለች»። ሌላ ቀን «ጆሮዋ ከብዷል፣ ስልክ አይሰማትም»። እሷም «እሺ፣ ጉልበቷን ሳምልኝ» ትለዋለች። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ። የኛ አገር ብርድ ትዝ ብሏት ወፍራም ብርድ ልብስ ለእናቷ በሰው እጅ ላከች። ደሳለው ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው።

ስትመለስ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ተቀበላት፤ «መሽቷል፣ አንበሳሜ እንደር» ብሎ ቤቱ አሳደራት። እኛ ጎረቤቶቿ ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ይዘን ሄድንና ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባን። እሪ አልን። እሷ አልጋው ላይ ቀና ብላ አየችን። «መቼ?» አለች። «ሁለት ዓመት አለፋት» አላት ወንድሟ። ፀጉሯን ትነጫለች፣ መሬት ላይ ትፈጠፈጣለች ብለን ሁለት ጠንካራ ሴቶች ጎንና ጎኗን ይዘዋት ነበር። ምንም። ከመሃላችን ተነሣችና «የቤቱ ቁልፍ የት ነው?» አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ስንመለስ «ዐረብ አገር ልቧን አድርቆታል» እያሉ ሴቶቹ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እግሯ ያላረፈው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚሉት፣ በሩን ነቅላ መልሳ ታቆማለች፤ ያልተበላሸ ቦይ ትቆፍራለች፤ የዘመመ አጥሬን አቃናሁ ብላ ጭራሽ ጣለችው። ከዚያ አንድ ጠዋት ገባ ብል ከምድጃው ከሰል ይዛ ረጅሙን ግድግዳ ትጭረዋለች። ዳር እስከ ዳር! በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ደረጃ ነው፣ ከደረጃው ሥር ጠባብ ክፍል፣ ከክፍሉ ውስጥ እግሯን አጥፋ የተኛች ሴት። «ይህች አንቺ ነሽ?» አልኳት። «እግሬን ዘርግቼ ተኝቼ አላውቅም ነበር» አለችኝና ሌላ ከሰል ልትፈልግ ወጣች።

ፍሬሕይወት የመጣችው ወንፊት ልትዋስ ነው። ይህች ልጅ የገበሬ ልጅ ነች፣ ከቤይሩት ተመልሳ እኛ ሠፈር ተከራይታ የምትኖር። ከመጣች ወዲህ «እሺ» እና «የለም» ብቻ ነው የምትናገረው። ሰው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ትቷታል። ግድግዳውን አየች፣ ወንፊቱን አስቀመጠች፣ ከሰሉን ከፈንታነሽ እጅ ወሰደች። እስኪመሽ ስትስል ዋለች። ብረት የተበጀለት መስኮት፣ ከሥሩ በጣም ሩቅ ጎዳና፣ ጎዳናው ላይ ጉንዳን ጉንዳን የሚያህሉ ሰዎች። ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች።

በማግሥቱ ሌላ አስከትላ መጣች፤ እሷም ሌላ። ከዐረብ አገር የተመለሱት ሁሉ በየተራ ግድግዳው ላይ የነበሩበትን ቤት ሣሉ። ቀጥሎ የተማሪ ቤት ልጃገረዶች መጡ። ፈንታነሽ የእናቷን የጭቃ ጉድጓድ ከፍታ ትንንሽ ጎታ፣ በሬ፣ ጀበና ማበጀት አስተማረቻቸው። ከኮሌጅ የመጡ ጎረምሶች በጓዳው በኩል ክራር ይማሩ ጀመር፤ አንዱማ አንዲት ዜማ ሲደጋግም ክረምቱ ወጣ፣ ጆሮዬን ጨረሰው። ሠፈሩ «ጭቃ ቤት» አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ መቆሚያ የለም። እኔ ስጮህ፣ ስሳደብ፣ ደግሞ መልሼ ስገባ፤ ምን ላድርግ፣ ቤቴ ስሆን ጭር ይልብኛል።

ይኼኔ ነው ደሳለው የመጣው። «ቦታውን የሚፈልግ ሰው አግኝቻለሁ፤ አፍርሶ ፎቅ ይሠራበታል» አለ ቀስ ብሎ። ቤቱ የሁለቱም ነው፤ ካሰች ለሁለት ነው የተወችላቸው። «የእናቴን ቤት አላስፈርስም» አለችው። «እናታችን ሞታለች፣ ፈንታዬ። ጣሪያው ያፈሳል። አንቺም እዚህ ቤት ከገባሽ ወዲህ እንቅልፍ የለሽም» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ረግሜው በተገላገልኩ!

ነገሩ በሽማግሌ ታየ። አያ እሸቴ፣ የሠፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ እንዲህ ፈረዱ፦ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብተን በዓይናችን እናያለን። ሰው የሚሰበሰብበት፣ ሥራ የሚሠራበት ቤት ከሆነ ይቆያል፤ ደሳለው ሌላ ድርሻ ይፈለግለታል። የአይጥ መሮጫ ከሆነ ግን ይሸጥ።» ሁለቱም እጅ ነሥተው ተቀበሉ።

እሺ፣ የቀረው ግድግዳውን ማሳየት ነው አይደል? ሌላ ሰው ቢሆን ዐርብን ተቀምጦ እሑድን ይጠብቃል። ፈንታነሽ ግን «ከሰል ብቻ ነው፣ ቀይ አፈር ያስፈልገዋል» ብላ ተነሣች። ቀይ አፈሩ ያለው ጋፋት ማዶ ነው። ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ በዚህ ጉልበቴ ተከተልኳት። እሷ ፊት ፊት ትሮጣለች፣ እኔ ከኋላ «ቀስ በይ፣ አፈር ስሆን» እያልኩ እጎተታለሁ። ገበሬው ማሳው ላይ ቀና ብሎ ይስቅብናል። ሁለት ከረጢት አፈር ተሸክመን ስንመለስ ጀምበር አዘቅዝቃለች።

ከደጁ ሳንደርስ ሸተተኝ። ትኩስ ጭቃና እበት። ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ ሁሉም እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው፣ ሁሉም ይስቃሉ። ከመሃል ፍቅርተ፣ የጽዋ ማኅበራችንን የምትመራ ሙሴ፣ ክንዷን ዘርግታ መጣች። «እንኳን ደስ አለሽ ፈንታዬ! ሽማግሌ የሚገባበትን ቤት እንዲያ ጠቁሮ እናሳያለን? ልጆቹ ግድግዳውን ከሰል ለቅልቀውት ለዓይን ያስጠላ ነበር። ደቦ ጠራን፣ መረግነው፤ ጓዳ ሳይቀር!»

ገብቼ አየሁ። ደረጃው የለም፣ መስኮቱ የለም። ዳር እስከ ዳር ልስልስ ያለ እርጥብ ጭቃ። ሲመርጉት ደግሞ አቤት ማማሩ! የሣሉት ልጆች ቅዳሜ እንጂ ዐርብ አይመጡም፤ ፍሬሕይወትም ለአጨዳ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች። «ተዉ» የሚል አንድ ሰው አልነበረም።

«እናንተ እጃችሁን ይቁረጠውና፣ ማን ጠራችሁ? ማን...» ብዬ ስጀምር ፈንታነሽ በቀይ አፈር በቆሸሸ መዳፏ አፌን ከደነችው። «እጃችሁ ይባረክ፣» አለቻቸው። «ደክማችሁልኛል።» ደቦ የወጣ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል እንጂ አይሰደብም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን እንዴት ብላ ቻለችው? ሽሮ እየሠራች፣ ጠላ እየቀዳች፣ ከጓዳ ሳሎን ስትሮጥ አመሸች። እኔ ጥግ ይዤ ተንጨረጨርኩ። ፍቅርተ ደግሞ መጥታ «ምነው ውዴ፣ ጉልበትሽን አመመሽ እንዴ?» ትለኛለች።

ቅዳሜን ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ስትል ዋለች። ሣዮቹ መጡ፣ አዩ፣ አንዳንዷ አለቀሰች፣ አንዳንዷ ሳትሰናበት ወጣች። «ሽማግሎቹን ለሳምንት በያቸውና እንደገና ሣሉት» አልኳት። ፍሬሕይወት ከአጨዳ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ አንዴ ሥዬዋለሁ። ሁለተኛ እዚያ አልገባም» አለች። ይህን ያህል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፈንታነሽም «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እሑድ እሑድ ነው» አለች።

እሑድ መጡ። አያ እሸቴ ሌሎች ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ገቡ፣ ደሳለው ከኋላቸው። ሣዮቹ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ የደቦዎቹ ሴቶችም ሥራቸው ሲመሰገን ሊሰሙ በበሩ በኩል ተደርድረዋል። ደሳለው ግድግዳውን ዳሰስ አደረገና «አየሽ፣ ቤት እንዲህ ሲያዝ ያምራል፤ ለሚያየውም ደስ ይላል» አለ።

«ልጄ፣» አሉ አያ እሸቴ፣ «ሥራ አለ ተብለን ነው የመጣነው። የታለ?»

«እዚህ ነበር፣ አባቴ።»

«ነበር ለዳኛ አይሆንም።»

በቃ፣ ቤቱ ተሸጠ አልኩ በልቤ። ይኼኔ ፍሬሕይወት ተነሣች። ወደ ግድግዳው ሄዳ እጇን እርጥቡ ጭቃ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ላይ መስኮት ነበረ» አለች። «ብረት አለው። በሩን ቆልፈውብኝ ነው የሚሄዱት። ታች ሰው ሲያልፍ አያለሁ። አንድ ቀን ነጠላ የለበሰች ሴት አየሁ። ያገሬ ሰው ነች። ጮኼ ጠራኋት። ፎቁ ረጅም ነው፣ አልሰማችኝም። ድምፄ እስኪዘጋ ጠራኋት።» እጇን አነሣች። «ይኼ ነበር» ብላ ተቀመጠች።

ሌላዋ ተነሣች። «እዚህ ጋ የኔ ምድጃ ነበረ።» ሌላዋ «እዚህ ሕፃኑ ነበረ፣ እኔ ያሳደግኩት። ስመጣ እግሬን ይዞ አልለቅም አለኝ።» አንድ በአንድ እየተነሡ ግድግዳውን እየነኩ ተናገሩ። የፍቅርተ ፊት ሲለዋወጥ አያለሁ፤ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ ሁለት እጇን አየች፣ ከዚያ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው።

«ያንቺስ?» አሉ አያ እሸቴ ፈንታነሽን። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

እሷ አንዴ በር በሩን አየች፤ ልትሮጥ ነው አልኩ። ወደ ግድግዳው መጨረሻ ሄደች። እዚያ ጥግ ላይ ማንም ያልገባው ሥዕል ነበራት፤ ትስለዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ መልሳ ትስለዋለች። እኔ የተኛች ሴት ትራሷ ላይ ድንጋይ አድርጋ ይመስለኝ ነበር።

«እዚህ እናቴ ነበረች» አለች። «ተገንዛለች። ጆሮዋ ላይ ስልክ አድርጌላታለሁ። እኔ ስደውል እዚያ ነበረች፣ አፈር ውስጥ። እኔ ብርድ ልብስ ስልክላት፣ ጉልበቷን ሳሙልኝ ስል። ስመጣ እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። ተዝካሯ ወጥቷል። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ሲገቡ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ከማን ጋር ላልቅስ? ይህን ግድግዳ ስነካ ነበር እሷን የምነካ የሚመስለኝ። እሷ ናት ያቆመችው።»

ፍቅርተ «የኔ እጅ! የኔ እጅ ይድረቅ!» ብላ ወደዚያ ጥግ ሮጠች፤ ጭቃውን በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች። ጭቃው ከሰሉን ይዞ ረገፈ። ከሥሩ የወጣው ባዶ ጭድ ነው። ፈንታነሽ የረገፈውን ከመሬት አነሣችና በመዳፏ ይዛ አየችው። ከዚያ ጮኸች።

ልቅሶ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። «እማዬ!» ስትል ጎኔን የወጋኝ መሰለኝ። ደረቷን ደቃች፣ ተንበረከከች። ፍቅርተ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቧ ተደፋች። የደቦዎቹ ሴቶች፣ ሣዮቹ፣ እኔ፣ ሁላችን እሪ አልን። ማን ሞተ እያለ የላይ ሠፈር የታች ሠፈር ሰው በሩጫ መጣ። «ካሰች» አልናቸው። ማንም «መቼ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ገብቶ አለቀሰ።

ደሳለው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቆየና ጋቢውን አደግድጎ እህቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያ ከባድ ሰውዬ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

«እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው፣ ፈንታዬ።»

«በጊዜው መጎዳት ነበረብኝ» አለችው።

አያ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ስለመጣንበት ጉዳይ...» ሲሉ ደሳለው ቀና ብሎ አያቸው። «አባቴ፣ የሐዘን ቤት ነው። የሐዘን ቤት አይሸጥም» አላቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ።

እኔ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ ንፍሮ አልተጣደም፤ ልጥድ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።